በወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ9 ዓመቱ ልጄ ከፔርሙዝ የተቀዳ ትኩስ ሻይ ተደፍቶበት እጁ ተቃጥሎ ነበር፤ አሁን ቁስሉ ደርቋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሰጠን ወረቀት ላይ «ግራ ፎርአርም፣ አንቴሪየር፣ ዲስታል፤ ፓርሻል ቲክነስ» ይልና ከሥሩ «ኤክስቴንሽን፣ ሱፒኔሽን፣ በቀን 3 ጊዜ» የሚል አለበት። ሆስፒታሉ ከእኛ ሁለት ታክሲ ስለሆነ ለመጠየቅ ብቻ መመለሱ ከበደኝ። ቃላቱን ቢያብራሩልኝ።
እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ። በዕለት ንግግራችን «እጅ» የምንለው ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ስለሆነ ሐኪሞች ለይተው መጻፍ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ፎርአርም ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለው ክፍል ብቻ ነው። አቅጣጫዎቹ ደግሞ የሚለኩት ከአንድ አቋቋም ተነሥተው ሲሆን፣ ታማሚው ተኝቶም ይሁን ተጎንብሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት እንደገለጠ ተደርጎ ይታሰባል። «ግራ»ም የራሱ የታማሚው ግራ እንጂ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ግራ አይደለም። ስለዚህ አንቴሪየር በመዳፍ በኩል ያለው ገጽ፣ ፖስቴሪየር ደግሞ በአይበሉባ በኩል ያለው ነው። (አይበሉባ የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው አናቶሚ ሳይማር ሁለቱን ገጽ አሳምሮ ለይቶልናል።) ዲስታል እጅ ከትከሻ ከሚነሣበት ቦታ የራቀውን ያመለክታል፤ የልጅዎ ቃጠሎ እንግዲህ ወደ አንጓው የቀረበ ነው።

ፓርሻል ቲክነስ የቃጠሎውን ጥልቀት ይናገራል። የቆዳ ላይኛው ሽፋን ኤፒደርሚስ የደም ሥር የለውም፤ ከሥሩ ያለው ደርሚስ ግን የደም ሥር፣ የስሜት ነርቭ፣ የላብ ዕጢና የፀጉር ሥር የያዘ ሲሆን፣ ከእርሱም በታች ስብ የበዛበት ክፍል አለ። የልጅዎ ቃጠሎ ኤፒደርሚስን አልፎ ከደርሚስ በከፊል የደረሰ ነው፤ ውኃ የቋጠረውና ክፉኛ ያሳመመውም ለዚሁ ነው። ደርሚስን ጨርሶ ያጠፋ ቃጠሎ ነርቮቹን ስለሚያወድም ቦታው ላይሰማ ይችላል፤ ብዙ ሰው «ካላመመው ቀላል ነው» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

ኤክስቴንሽን መዘርጋት፣ ተቃራኒው ፍሌክሽን ማጠፍ ነው። በመዳፍ በኩል ያለ ጠባሳ እየጠበቀ ሲሄድ አንጓውን ወደ ውስጥ ሊስበው ስለሚችል መዘርጋቱ ታዟል፤ የትኛውን መገጣጠሚያ ማለታቸው እንደሆነ ግን ወረቀቱ አልገለጸምና ባለሙያው ያሳየዎትን ይከተሉ። ቁስሉ ከተከፈተ ወይም ካበጠ ልምምዱን አቁመው ይመለሱ።

ሱፒኔሽን ከምግብ በፊት እጅ ሲያስታጥቡን መዳፋችንን ወደ ላይ የምንገልጥበት እንቅስቃሴ ነው። መዳፉ ወደ ታች ሲገለበጥ ፕሮኔሽን ይባላል፤ ያኔ ራዲየስ የተባለው አጥንት አልና በተባለው ላይ ይሻገራል፣ በሱፒኔሽን ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ልጁ ሲሠራ ክርኑን አጥፎ ከጎኑ ጋር ያስጠጋ፤ ክርኑን ካነሣ የሚዞረው ትከሻው ነው።