«ተፎካካሪዎቼ ጋ ቁጭ ብዬ ምን አተርፋለሁ?»

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ማሽን አለኝ፣ አንዲት ልጅም ቀጥሬያለሁ። የሰፈራችን ሰፊዎችና ባለ ሱቆች ማኅበር አቋቁመው በየወሩ መጀመሪያ እሁድ ይሰበሰባሉ። ዕቁብም አላቸው፣ በወር 2,000 ብር። ግቢ እያሉ ይወተውቱኛል። እኔ ግን ፈራሁ። ሁሉም ተፎካካሪዎቼ ናቸው፤ ዲዛይኔንም ደንበኛዬንም ይወስዱብኛል። እሁድ ደግሞ የማርፍባት ብቸኛ ቀኔ ናት። ባለፈው ስብሰባ «ከዚህ ዋጋ በታች ማንም እንዳይሸጥ እንስማማ» ተባብለዋል ሲሉም ሰማሁ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ምን ይመክሩኛል?
ሰፊዋ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦
እህቴ፣ ግቢ። የዋጋውን ነገር ግን ለብቻው እናየዋለን።

መጀመሪያ ስለ ዲዛይኑ። የሰፋሽው ቀሚስ ሱቅሽ በር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የመጀመሪያዋ ደንበኛሽ ሰርግ ላይ ስትለብሰው ሃምሳ ስልክ ፎቶ ያነሳዋል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ገባሽ አልገባሽ ሊያየው የፈለገ አይቶታል። ሊወስዱብሽ የማይችሉት የእጅሽን ጥራት ነው፤ ጥለቱ ከወገቡ ጋ እንዴት እንደሚገጥም፣ ቀሚሱን «ሐሙስ ውሰጂ» ካልሽ ሐሙስ ተተኩሶ መገኘቱን። ደንበኛ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። የደንበኞችሽን ስልክ ቁጥርና ለሸማኔው የምትከፍይውን ግን ለማንም መናገር የለብሽም፤ የሚጠይቅሽም ካለ ዝም ማለት መብትሽ ነው።

መርካቶን አስቢው። ጎማ ተራ፣ ሸራ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች አጠገብ ላጠገብ ተደርድረው ነው የሚውሉት። የፈለግሽው ዕቃ ባለሱቁ ጋ ከሌለ «ቁጭ በይ፣ ላምጣልሽ» ይልና ልጁን ወደ ጎረቤት ይሰደዋል። ነገ ደግሞ ጎረቤቱ እሱ ጋ ይልካል። ደንበኛዋ ሌላ ተራ ሳትሄድ እዚያው ትሸምታለች። አንቺም የወንድ ልብስ የማትሰፊ ከሆነ ባልና ሚስት ሲመጡልሽ ባልየውን ለማን ትልኪዋለሽ? የወንድ ብቻ የምትሰፋዋ ደግሞ ሚስትየዋን ለማን ትልካለች? ካልተዋወቃችሁ ሁለታችሁም «የለንም» ብላችሁ ትሸኟቸዋላችሁ።

እኔ ራሴ ወደ ጽሑፍ ሥራ ከመምጣቴ በፊት ስምንት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ደንበኞቼ እንደ ሕግ ነበር የሚይዙት። አንድ ዓመት ጥር 8 ቀን የማሽኔ ሞተር ተቃጠለ። እጄ ላይ ዘጠኝ ቀሚስ አለ፣ የሁሉም ቀብድ ተበልቷል፣ ለከተራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ጠጋኙ «ከበዓል በኋላ ነው» አለኝ። አልቅሼ ስወጣ ሁለት ሱቅ ዝቅ ብላ የምትሰፋ፣ ደንበኛ የምንሻማት ሴት አየችኝ። ምን ሆነሽ አለችኝ፣ ነገርኳት። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማሽኑ ያንቺ ነው» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሁለት ሌሊት እሷ ሱቅ ውስጥ ሰፋሁ፤ የመጨረሻው ቀሚስ ጥር 10 ጠዋት ወጣ።

ለምን ሰጠችኝ? ኋላ ስጠይቃት የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁለት ዓመት አብረን ዕቁብ ስንጥል አንድም ሳምንት እንዳልቀረሁ አይታለች። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ እንኳ ብሩን በልጄ መላኬን ታስታውሳለች። ቁልፉን ያሰጣት ይኸው ነው። ማኅበር የሚጠቅመው በስብሰባው ዕለት ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው እየተያያችሁ ቃልሽን መጠበቅሽን ሰው ያውቃል፣ የቸገረሽ ቀን ያ ይደርስልሻል። እንዲህ ያለው መተማመን በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ አይመጣም።

አሁን ወደ ብሩ። ከመጣልሽ በፊት ዳኛው ማን ነው፣ ጸሐፊውስ ማን ነው፣ ደንቡ ተጽፏል ወይ፣ ዕጣ ወጥቶለት የሚቀር ቢኖር ምን ይደረጋል ብለሽ ጠይቂ። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ብሩን ሲወስድ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ሳይጠራ ብር የሚሰጥ ዕቁብ ከሆነ ስብሰባውን ተሳተፊ፣ ዕቁቡን ተዪው። ደግሞ 2,000 ብሩ ከትርፍሽ የሚወጣ ይሁን እንጂ ከክርና ከጨርቅ መግዣሽ አይሁን። ሥራችን ወቅት አለው፤ ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ይሆንና ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ጭር ይላል። ዕቁቡ ግን በዚያም ወር ይከፈላል። የጾሙን ወራት ድርሻ ከጥር ገቢሽ ላይ አስቀድመሽ ካላስቀመጥሽ ትጨነቂያለሽ።

የዋጋው ነገር ላይ አጥብቄ እነግርሻለሁ፣ እዚያ ውስጥ አትግቢ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል። በክፋት እንዳላሰቡት ይገባኛል፤ የደከሙበት ሥራ በርካሽ ሲሸጥ አንጀታቸው ቢያርር ነው። መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ስንቶቻችን ነን የጨርቁንና የሸማኔውን ደምረን እስከ እኩለ ሌሊት የተቀመጥንበትን የራሳችንን ጉልበት ሳንቆጥር የሸጥነው? አንድ እሁድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንዲት ቀሚስ ስንት ሰዓትና ስንት ብር እንደምትፈጅ አብራችሁ አስሉ፤ ከዚያ እያንዳንዷ የራሷን ዋጋ ራሷ ትወስን። ክርና ጨርቁንም በአንድ ላይ ከመርካቶ በጅምላ ብትገዙ ሁላችሁም ታተርፋላችሁ፣ ማንንም አትጎዱም።

ሥራሽ ሰፍቶ ኤግዚቢሽን ማዕከል መቅረብ ስታስቢ ወይም ከትልቅ ገዢ ጋ ውል ስትገቢ የሰፈር ማኅበር ብቻውን አይበቃሽም። ያኔ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የአዲስ አበባን ንግድ ምክር ቤት ጠይቂ። የንግድ ትርዒት ያዘጋጃል፣ ክርክር ሲነሳም በግልግል የሚዳኝ ተቋም አለው። አሁን ግን ቅርብሽ ያለው ማኅበር ይቅደም።

እሁድሽን በተመለከተ እውነትሽን ነው፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል። ሁለት ሰዓት ስጪያቸው። ጉዳዩ አልቆ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስና ወሬው ወደ ሰው ስም ሲዞር ተሰናብተሽ ውጪ፤ ማንም አይቀየምሽም። ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ሥራ የቀዘቀዘበት ጥሩ ሸማኔ ካወቅሽ ስልኩን ይዘሽላቸው ሂጂ። የመጀመሪያ ቀን ከዚህ በላይ ማንም አይጠብቅብሽም።