የቀድሞ የትምህርት ቤት ስፖርተኞችንና ደጋፊዎችን ማክበር፦ ከመድረኩ በፊት መዝገቡ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችሁን የቀድሞ ስፖርተኞችና "ጨዋታ አያመልጣቸውም" ያልካቸውን የዘመናት ደጋፊዎች በአንድ ዝግጅት ልታከብሩ አስባችኋል። ማንን እንምረጥ፣ ደጋፊውን ከተጫዋቹ ጋር መሸለም ያስኬዳል ወይ፣ የዝነኛውን አጥቂ የማሊያ ቁጥር ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ብናደርግስ ነው ያልከው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ይህንኑ ሥራ በሚሠራ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ስላለሁ ያየሁትን ልጻፍልህ። ይረዝማልና ታገሰኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዋንጫው ቅርጽና ከመድረክ መሪው ነው። እኔ ግን ስም ከመጠራቱ በፊት መዝገብ ይሠራ ባይ ነኝ። ኮሚቴ ሲሰበሰብ ቶሎ የሚነሳው ስም የኮሚቴው አባላት ራሳቸው በተማሩበት ዘመን የተጫወተ ሰው ነው፤ ካልሆነም አንደበተ ርቱዕ ጓደኛ ያለው። ከእነሱ በፊት የተጫወተው፣ ርቆ የሄደው፣ ዝምተኛው ተከላካይ እጩ ሳይሆን ይቀራል። ማንም ክፉ አስቦበት አይደለም፤ ስሙን የሚያነሳለት ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያሉትን ዓመታት በሙሉ በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሩ፤ በየዓመቱ የነበረውን ቡድን፣ አሰልጣኝ፣ ውጤትና የተገኘውን ስም ሙሉበት። ባዶ የቀሩት ዓመቶች ወዲያው ያፈጡባችኋል፤ ፍለጋው ከእነሱ ይጀምር።

ለዚህ ከሁሉም የሚጠቅመው የቡድን ፎቶ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ አሳትሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ስስ ወረቀት ደርቡበትና የእያንዳንዱን ሰው ፊት በእርሳስ ከብባችሁ ቁጥር ስጡት። ከጎኑ ባዶ ዝርዝር አስቀምጡ። የቀድሞ ተማሪዎች በተሰበሰቡ ቁጥር እየመጡ ይሙሉት። ለአንድ ፊት ሁለት ስም ከተጻፈ አትሰርዙ፤ ሦስተኛ ምስክር እስኪመጣ ሁለቱም ይቆዩ። የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርጉ፤ ቀንና ተጋጣሚ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

እኛ ጋ በተለያዩ ዓመታት በተነሱ ፎቶዎች ላይ ተጫዋቹ ሁሉ ሲቀያየር አንድ ልጅ ብቻ አይቀየርም ነበር። ማሊያ አልለበሰም፤ ጥግ ላይ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ወንዶቹ ተጫዋቾች "ተቀያሪ ይሆናል" እያሉ ሲያልፉት አንዲት የቀድሞ የመረብ ኳስ ተጫዋች ገና እንዳየችው በስሙ ጠራችው፤ የተቀደደ መረብ እየሰፋ የሚያቆምላቸው፣ የሴቶቹን ውጤት በደብተር የሚይዝላቸው እሱ ነበር። ደብተሩን ቤቱ አስቀምጦት ኖሮ የሴቶቹን ቡድን ታሪክ ግማሹን ያገኘነው ከዚያ ነው።

የሴቶችን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ "ብቁ ሴት እጩ አጣን" የሚል ኮሚቴ ካጋጠመህ አትቀበለው። ሴቶች በኦሎምፒክ አትሌቲክስ መወዳደር የጀመሩት በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው፤ ያኔ የሮጡት 800 ሜትር ደግሞ ወዲያው ተሰርዞ እስከ 1960 ሮም ድረስ አልተመለሰም። የሴቶች ቅርጫት ኳስ በ1976፣ ማራቶን በ1984 ነው የገቡት። ላይኛው እንዲህ ከሆነ ታችኛው ምን ሊመስል እንደሚችል ገምት። ውድድር ካልተዘጋጀላቸው ሜዳሊያ ከየት ይመጣል? ባላቸው ዕድል ምን ሠሩ ብላችሁ ነው መመዘን ያለባችሁ።

ውጤት ስታወዳድሩም ዘመን ከዘመን አታጋጩ። በእጅ ሰዓት የተያዘ የአጭር ርቀት ሩጫ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ሰዓት ያሳያል፤ ሰዓት ያዡ የመነሻውን ምልክት አይቶ እስኪጫን ጊዜ ያልፋልና። በ100 እና በ200 ሜትር ከኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ጋር ለማስተያየት 0.24 ሰከንድ ይጨመርበታል። የድሮው 11.0 እንግዲህ ወደ 11.24 ይጠጋል ማለት ነው። በሌላ በኩል ያ ልጅ የሮጠው አፈር ላይ ነው፤ ሰው ሠራሽ መም በኦሎምፒክ የታየው ገና በ1968 ሜክሲኮ ነው። ቅርጫት ኳስም እንዲሁ፤ የሦስት ነጥብ መስመር በዓለም አቀፉ ሕግ የገባው በ1984 ስለሆነ ከዚያ በፊት ከሩቅ እየወረወረ ያገባ ልጅ ሁለት ሁለት ነው የተቆጠረለት። ያለው መፍትሔ ሰውን በዘመኑ ከነበሩት ጋር ብቻ ማስተያየት ነው።

አሁን ወደ መስፈርቱ። አንድም ስም ሳይነሳ ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርሞበት ይለቅ። ስም ከተነሳ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት ለአንድ ሰው የተሰፋ ልብስ ይሆናል። ከተመረቀ በኋላ ስንት ዓመት ይቆይ የሚለውን ወስኑ፤ ትናንት የወጣ ልጅ ገና ትኩስ ነው፣ ጩኸቱ ሳይበርድ መመዘን ያስቸግራል። የአሜሪካ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ተጫዋች መጫወት ካቆመ በኋላ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ግን ተጫዋቹ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1972 የመጨረሻ ቀን ለኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሲሞት ሕጉን አንስተውለት በ1973 አስገብተውታል። እናንተም ሕጉ መቼ እንደሚታለፍ አብራችሁ ጻፉ።

የተሰጠ ክብር የሚነሳበትንና የሚመለስበትን መንገድም አስቡበት። ሰው ይህን መጻፍ ያፍራል፤ ደስ የሚል ነገር እየሠራን ለምን ክፉ እናስባለን ይላል። አሜሪካዊው አትሌት ጂም ቶርፕ በ1912 የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ላይ ፔንታትሎንና ዴካትሎን (አምስትና አሥር ውድድሮችን በአንድ የያዙ ፉክክሮች) አሸንፎ፣ ቀደም ሲል ቤዝቦል ተከፍሎት ተጫውቷል ተብሎ በዓመቱ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በ1953 ሞተ። ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ1982 የጋራ አሸናፊ አድርጎ መለሰው፤ ብቸኛ አሸናፊነቱ የተረጋገጠው በ2022 ነው። ማን፣ በምን ማስረጃ፣ በስንት ድምጽ እንደሚወስን ካልተጻፈ ነገሩ በጭቅጭቅ ዓመታት ይፈጃል።

ለግለሰብ ብቻ ቦታ አትስጡ። የዱላ ቅብብል አራቱ ሯጮች አብረው ይግቡ፤ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ከነተቀያሪው አንድ ሆኖ ይግባ። የስፖርት መምህሩን ደግሞ አደራ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእጁ ያለፉት ስንታየሁ እሸቱ የበቆጂ የስፖርት መምህር ነበር። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ መምህር ጥቂት ነው፣ ግን ማልዶ ሜዳ ላይ የሚገኝ መምህር የሌለበት ውጤታማ ትምህርት ቤት አላየሁም።

ደጋፊዎቹን በተመለከተ መልሴ አዎ፣ ግን በሌላ ወንፊት ነው። ከተጫዋች ጋር በአንድ ድምጽ መስጫ ካስቀመጣችኋቸው ሁልጊዜ ይሸነፋሉ፤ ግብ ቁጥር አለው፣ ታማኝነት የለውም። እኛ የምናደርገው ለቀድሞ ተጫዋቾች አንድ ጥያቄ መላክ ነው፦ "ስትጫወት ወደ ተመልካቹ ዞር ስትል ማንን ታይ ነበር?" መልሶቹ ተሰብስበው ሲመጡ አንዳንዱ ስም በተለያዩ ዓመታት ተጫዋቾች ተደጋግሞ ይወጣል። ምርጫው ያኔ ራሱ ተሠርቷል። የሚወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ከበሮ የሚመታው ሰው አይደለም። የተሸነፈ ቡድን አውቶቡስ እስኪሳፈር ቆማ የምትጠብቅ እናት ልትሆን ትችላለች፣ የገዛ ልጁ ከተመረቀ በኋላ መምጣት ያላቋረጠ አባትም። ዳኛን በመሳደብ የሚታወቀውን ደጋፊ ግን፣ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ እኔ በበኩሌ አላስገባም። ተማሪዎቹ ያያሉ።

ደጋፊን ማክበር አዲስ ነገር ነው እንዳትባሉ ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። በጥር 1922 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ተጫዋቾቹ እየተጎዱ ሲያልቁ ኪንግ ጊል የሚባል ተማሪ ከተመልካች መሀል ወርዶ ማሊያ ለብሶ ጨዋታው እስኪያልቅ በተጠንቀቅ ቆመ። አልተጫወተም። የዩኒቨርሲቲው ደጋፊ እስከ ዛሬ "አሥራ ሁለተኛው ሰው" እየተባለ የሚጠራው ከዚያ ተነስቶ ነው። የስፔኑ እግር ኳስ ክለብ ቫሌንሲያ ደግሞ ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ለዓመታት ስታዲየም መምጣት ያላቆመውን ቪሴንቴ ናቫሮን፣ በ2019 ሐውልቱን ሠርቶ በገዛ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው። የሁለተኛውን ብልሃት ልብ በሉልኝ፤ ክብሩ የተሰጠው ሰውየው በሚታወቅበት ቦታ ላይ ነው። እናንተም ለደጋፊ ከዋንጫ ይልቅ ቦታውን ስጡት፦ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ረድፍ ላይ ስሙን ጻፉ፣ የመክፈቻውን ኳስ እሱ ይምታ። አስቀድማችሁ ግን ጠይቁት። መድረክ የሚያስጨንቀው ሰው አለ። ጤና የከለከለው ካለ ደግሞ ቡድኑ ማሊያውን ለብሶ ቤቱ ይሂድ፤ ለሚቀጥለው ዓመት አታሳድሩት።

ስለ ቁጥሩ ባጭሩ፣ ባታደርጉት እመርጣለሁ። የሆኪ ክለቡ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ በ1934 የተጫዋቹን የኤስ ቤይሊን 6 ቁጥር ከአገልግሎት ሲያወጣ ነገሩ ብርቅ ነበር። ዛሬ የቤዝቦል ክለቡ ኒው ዮርክ ያንኪስ ከ1 እስከ 9 ያለውን በሙሉ ጨርሷል። ትምህርት ቤት በየጊዜው አዲስ ተማሪ ይቀበላል፤ ያለው የማሊያ ስብስብም ውስን ነው። ቁጥሩን ከምትቀብሩት የቀድሞው ባለቤት በየዓመቱ መጥቶ ለአዲሱ ለባሽ በእጁ ያስረክብ። ልጁ ያንን ማሊያ ሲለብስ የማን እንደነበረ ያውቃል።

የዕለቱን ዝግጅት ብዙ አታክብዱት። በእረፍት ሰዓት ልታደርጉት ካሰባችሁ የእግር ኳስ እረፍት 15 ደቂቃ ነው፤ ሰባት ሰው በሁለት ሁለት ደቂቃ ስትጠሩ አለቀ፣ ለንግግር የሚተርፍ የለም። ዳኛውንና ተጋጣሚውን ቡድን ቀድማችሁ አሳውቁ። ተከባሪውን የሚያስተዋውቀው የአሁን ተማሪ ይሁን፤ ከዚያ በፊት አግኝቶ ያነጋግረው፣ የሚያነበውንም ራሱ ይጻፍ። የእኛዎቹ ልጆች ከማንኛችንም የተሻለ ጽፈዋል።

ሰሌዳ ካስቀረጻችሁ ስሙን ከነአያት አጻጻፉን ለባለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ አሳይታችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ብረት ላይ የገባ ፊደል በላጲስ አይጠፋም። ለሚቀጥሉት ዓመታትም ቦታ ተዉ። የእኛን የጥቆማ ቅጽና የመስፈርቱን ረቂቅ ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።