«ከባድ ሰው» በእንግሊዝኛ ስድብ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። አንድ የድሮ አስተማሪያችን ጡረታ ሊወጡ ነውና በሽኝቱ ላይ በእንግሊዝኛ አጭር ንግግር እንዳቀርብ ታዘዝኩ። «ከባድ ሰው ናቸው» ለማለት መዝገበ ቃላት አየሁና «ፖንደረስ» የሚለውን መረጥኩ። ውጭ ያደገችው የአክስቴ ልጅ ስታነበው «ኧረ አቦ፣ ይሄን አውጣው፣ ስድብ ነው!» አለችኝ። መዝገበ ቃላቱ ግን «ከባድ» ነው የሚለው። ማናችን ነን ልክ? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ የአክስትህ ልጅ ልክ ናት። እንኳን ቀድመህ ጠየቅከን! መዝገበ ቃላቱም አልዋሸህም። እኛ ጋ ከባድ ሰው ማለት ቃሉ የሚታመን፣ ሲናገር የሚደመጥ፣ የሚፈራና የሚከበር ሰው ነው፤ የምንንቀው ቀላሉን ነው። ፖንደረስ ግን የዝሆን እርምጃ ዓይነት ክብደት ነው። የድሮ የሐረር ቤት የእንጨት በር ቀስ እያለ ሲከፈት አስበው፣ እሱ ፖንደረስ ነው። ስለ ሰው ንግግር ወይም ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ የተንዛዛ፣ የሚጎተት፣ ቁም ነገረኛ ለመምሰል ሲል ሰሚውን የሚያደክም ማለት ነው። እና በሰው ሁሉ ፊት «አስተማሪያችን ጎታታና አሰልቺ ናቸው» ልትል ነበር።

አመጣጡ ግን ያምራል። ላቲን ውስጥ «ፖንዱስ» ክብደት ነው። ዘመዱ «ፔንዴሬ» መጀመሪያ ማንጠልጠል ነበር፣ ከዚያ መመዘን ሆነ፣ ምክንያቱም ዕቃ የሚመዘነው ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ መክፈል ሆነ። ለምን? ያኔ ክፍያ ማለት ብረቱን መዝኖ መስጠት ስለነበር ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወርቅ ዛሬም በግራም ይሸጣል፣ ገንዘባችንም «ብር» የተባለው በማዕድኑ ስም ነው። የእንግሊዞቹ ፓውንድ፣ ገንዘቡም ሚዛኑም፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚወዛወዘው ፔንዱለምም እንደዚያው።

ከሁሉ የምወደው ግን «ፖንደር» የሚለውን ግስ ነው። ማሰላሰል ማለት ነው፣ ሥሩ ግን መመዘን ነው። እኛስ «ነገሩን አመዛዝኜ» አይደል የምንለው? ድሬ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ የምድር ባቡር ሽማግሌዎች ካገኘህ ጠይቃቸው፦ ፈረንሳይኛው «ፓንሴ» ማሰብ ነው፣ «ፐዜ» መመዘን ነው፣ ሁለቱም የወጡት ከአንድ የላቲን ግስ ነው። ሮማውያኑም እኛም፣ ሳንመካከር፣ ሐሳብን ሚዛን ላይ አስቀምጠነዋል። እኔን ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ፖንደረስ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ከ600 ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ በፈረንሳይኛ በኩል። ድሮ «ቁም ነገር ያለው፣ ጥልቅ» የሚል መልካም ትርጉምም ነበረው፣ ያ ግን ቀርቷል። ዛሬ የሚቀርበው ለወቀሳ ነው። ስለዚህ አንተ ድሮ ቢሆን የሚያስኬድህን ቃል ነው የመረጥከው፣ ብዙም አትፈር።

አሁን ምን ትጻፍ? ለምክራቸው «ወይቲ» ማለት ትችላለህ፣ ክብደት ያለው ነገር፣ ሙገሳም ነው። ለራሳቸው «ዲግኒፋይድ» ይሻላል። እኔ ብሆን ግን ቅጽሉን ትቼ ያየሁትን እነግራቸው ነበር፤ ክፍል ሲገቡ ጫጫታው እንዴት ጸጥ እንደሚል፣ ሳይጮሁ እንዴት እንደሚያስተካክሉን። ያ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሲያበቃ ደግሞ ወደ እሳቸው ዞር በልና በአማርኛ «እርስዎ ከባድ ሰው ነዎት» በላቸው።