ውሃው ንጹህ ሳለ ለኩት

ውድ ልጆቼ፣

የነዳጅ ኩባንያ ወንዝ ቢያበላሽ በእርግጥ ይከፍላል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በተለይ ሕግና የአካባቢ ጤና የምታጠኑት። ይከፍላል። ግን ወዶ አይደለም። የሚከፍለውም ያጠፋውን ያህል ሳይሆን የተረጋገጠበትን ያህል ነው። እኔ ዕድሜዬን ውሃ ስመረምር የኖርኩ የጎንደር ሰው ነኝ፤ ነገሩን የማየውም ከናሙና ጠርሙሱ በኩል ነው። (የውጭ አገሩን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሜሪካ ውስጥ አላስካ ላይ ከዓለት ጋር ተላትማ 41 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ላይ ደፋች። በ1994 በባለቤቷ በኤክሰን ኩባንያ ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ተፈረደ። ይግባኝ ተባለ። እንደገና ይግባኝ። በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገንዘቡን ወደ 507 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወረደው። 19 ዓመት! በዚህ መሃል ስንቱ ዓሣ አጥማጅ ብሩን ሳያይ ሞተ። ሄሪንግ የሚሉት ዓሣ ደግሞ በ1993 ድንገት ተመናመነ። ነዳጁ ነው? በሽታ ነው? ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ነዳጁ ከመፍሰሱ በፊት ብዙው እንስሳ ምን ያህል እንደነበር በቂ መዝገብ ስላልነበረ፣ «ይህን አጠፋህ» ማለት ከባድ ሆነ።

አሜሪካኖቹ ግን ተማሩበት። በ1990 ሕግ አወጡ። ነዳጅ ያፈሰሰ ያጸዳል፣ የተፈጥሮ ጉዳቱንም ይከፍላል፣ የጉዳት ጥናቱ ወጪም የእሱ ነው። ከየበርሜሉ በተሰበሰበ ቀረጥ የተሞላ ፈንድም አለ፤ ጽዳቱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም። በ2010 ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የነዳጅ ጉድጓድ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲፈነዳ ተመራማሪዎች ወዲያው ናሙና መሰብሰብ ጀመሩ። ኩባንያው በመጨረሻ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። በ2008 ናይጄሪያ ውስጥ ቦዶ በምትባል ቦታ የሼል ኩባንያ የነዳጅ ቧንቧ ሁለት ጊዜ ፈሰሰ። ኩባንያው የፈሰሰው በሁለቱም ጊዜ ተደምሮ 4,000 በርሜል ገደማ ነው አለ። ገለልተኛ ባለሙያዎች ደግሞ የመጀመሪያው ብቻ ከ100,000 በርሜል በላይ ነው አሉ። ልዩነቱን አያችሁ? ካሳ የሚሰላው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሰዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ፤ በ2015 በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማሙ። እዚያው አቅራቢያ፣ ኦጎኒ ምድር፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ጥናት አንድ መንደር የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የነበረው ቤንዚን (benzene፤ ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አይደለም) የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። ውሃ መርማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ ውስጤ ተረበሸ። ያን ውሃ ሕፃናት ሲጠጡት ከርመዋል።

«እኛ ጋ ነዳጅ የለ፣ ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። ሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ አለ፤ ሰኔ 2010 ዓ.ም. ላይም ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ወጥቷል። ለጎንደር ደግሞ ጉዳዩ ከቦቴ፣ ከማደያና ከጋራዥ ይጀምራል። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ሲደፋ ወደ ቀሃና አንገረብ ወንዞች ይወርዳል፣ ከዚያ መገጭ፣ ከዚያ ጣና። ሕጉስ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። ኩባንያ ለመንደር ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ሲያለብስ አመስግኑ፤ ግን ካሳ ነው ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ስጦታ ሌላ፣ ዕዳ ሌላ።

አሁን ወደ ሥራው። ነዳጅ ነክ ምርመራ ከሆነ ውሃውን በሃይላንድ ቀድታችሁ እንዳትወስዱ። ፕላስቲክ ነዳጁን ይመጥጣል፣ የራሱንም ይለቃል። የመስታወት ጠርሙስ ያዙ፤ ነዳጁ እንዳይተን አየር ሳታስቀሩ እስከ አፉ ሙሉት። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አድርጋችሁ ቶሎ ላብራቶሪ አድርሱ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀዳውን ሰው ስም በላዩ ጻፉ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተቀባዩ ይፈርም። ፊርማ የጎደለበትን ናሙና የተከሳሽ ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ገደል ይከተዋል።

ከአንገረብ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ አንዱን ናሙና ክረምት ሳይገባ ውሰዱ፣ ሌላውን ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ። የመጀመሪያው ጎርፍ መንገድ ላይ የከረመውን ዘይት ጠራርጎ ስለሚያመጣ ሁለቱ ውጤቶች ይለያያሉ። ሁለቱም መዝገብ ላይ ይስፈሩ።