ጥያቄና መልስ፦ ለመኪና ጉዞ የተደራጀ የካምፕ ማዕድ ቤት

ጥያቄዎቻችሁን በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፦ በመኪና ውስጥም ሆነ በድንኳን ውስጥ ምድጃ አይለኮስም። ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ ሰው መመረዙን ሳያውቅ ራሱን ይስታል።

ጥያቄ፦ የማዕድ ቤቱን ዕቃ ከየት ጀምሬ ላደራጅ?

መልስ፦ ከዕቃው ሳይሆን ከሥራው ይጀምሩ። አመሻሽ ላይ ከደረሱበት ሰዓት አንሥቶ ራት እስኪቀርብ ድረስ እጅዎ በተራ የሚነካውን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ መጀመሪያ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎ ምድጃውና ጋዙ፣ ከዚያ ውሃው፣ መክተፊያውና ቢላዋው፣ ድስቱ፣ በመጨረሻም ሳህኑና ማጠቢያው ይመጣል። ዕቃው የሚጫነው በዚህ ቅደም ተከተል ግልባጭ ነው፤ መጨረሻ የተጫነው ጠረጴዛ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ይወጣል። የኋላውን በር ከፍተው፣ የመኝታ ዕቃ ሳያወርዱ ውሃ ማፍላት ካልቻሉ፣ ማዕድ ቤቱ ገና አልተደራጀም።

ክብደትን በተመለከተ፣ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ስለሆነ ትልቁ ጀሪካን ታች፣ ወደ መኪናው መካከል ተጠግቶ በቀበቶ ይታሰራል፤ ያልታሰረ ጀሪካን ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይወረወራል። ለማብሰያ የሚሆነው ውሃ ግን ከኋላው በር አጠገብ፣ ቧንቧ ባለው ትንሽ ጀሪካን ይቀመጥ፤ በየማለዳው ከትልቁ ይሞላል። ድስቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ሲያስገቡ በመካከላቸው የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ያኑሩ፤ መንገዱን ሙሉ አይንኳኩም፣ ጨርቁም ቦታ አይሻማም።

ጥያቄ፦ የትኛው ምድጃ ይሻላል?

መልስ፦ ለስንት ሰው? በምን ዓይነት የአየር ጠባይ? ይህ ሳይገለጽ የምመልሰው የለኝም።

ጥያቄ፦ እኛ 4 ነን፤ የምንሄደው ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወደሚወርድበት ቦታ ነው። ምድጃችን በትንሽ የቡታን ጋዝ ጣሳ የሚሠራ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ነበልባሉ ይደክማል።

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ቡታን ከዜሮ ዲግሪ ዝቅ ሲል መትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ፕሮፔን የተባለው ሌላ ጋዝ ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ስለዚህ ባለሁለት ዓይን የፕሮፔን ምድጃ ከነሬጉሌተሩ (ከጋዝ ግፊት መቀነሻው) ጋር ይያዙ። የፕሮፔን ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ሲሊንደሩን ከቡታን ምድጃዎ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ። ጣሳውን በእሳት ማሞቅም ሆነ ጣሳውን ጭምር በነፋስ መከለያ መክበብ ለፍንዳታ ይዳርጋል። ቱቦውን በገጠሙ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ይቀቡት፤ አረፋ ከወጣ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው። ሁለቱም ጋዞች ከአየር ስለሚከብዱ ያፈሰሰው በመኪናው ወለል ላይ ይጠራቀማል።

አንድ የቡድናችን አባል፦ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መሳቢያ ያልተሠራለት መኪና ተደራጀ ሊባል አይችልም። በመሳቢያ ውስጥ ያለው ዕቃ ከቦታው አይናወጥም።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። መሳቢያው ባዶውንም ከባድ ነው፤ መኪና ሲቀየርም አብሮ አይሄድም። ሳጥን ግን ዝናብ ሲመጣ ተነሥቶ የሸራ ዳስ ሥር ይገባል።

የመጀመሪያው አባል፦ ሳጥን ሲደራረብ የሚፈለገው ዕቃ ሁልጊዜ ከታች ነው።

መልስ፦ ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ከሁለት በላይ የማይደራረብ ሳጥን እንደ መሳቢያ ያገለግላል። አንዱ ለደረቅ ምግብ፣ አንዱ ለማብሰያ ዕቃ ይሁን፤ ጽሑፉም በክዳኑ ላይ ሳይሆን በጎኑ ላይ ይለጠፍ፤ ሲደራረብ ክዳኑ አይታይምና።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ልግዛ ወይስ የበረዶ ሳጥን ይበቃኛል?

መልስ፦ ለ2 ወይም ለ3 ቀን የበረዶ ሳጥን ይበቃል። ትልቅ ግግር በረዶ ከተሰባበረው ዘግይቶ ይቀልጣል። ጥሬ ሥጋ በሚከደን ዕቃ ሆኖ ታች ይቀመጥ፤ የውስጡም ሙቀት ከ4 ዲግሪ አይለፍ። መጠጥ ለብቻው በሌላ ሳጥን ይሁን፤ ክዳኑን ደጋግሞ የሚያስከፍተው እርሱ ነው። የፍሪጁን ባትሪና ሽቦ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ከሆነ መስኮት ከፍቼ መኪና ውስጥ ማብሰል እችላለሁ?

መልስ፦ አይቻልም። ከመግቢያው ጀምሮ የተናገርሁት ይህንኑ ነው፤ እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። ዳሱን ከኋላው በር በላይ ወጥሩና፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ሆኖ ከመኪናው ውጭ አብስሉ።

ጥያቄ፦ ዕቃ ወንዝ ውስጥ ማጠብ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አይገባም። ከወንዙ 60 ሜትር ያህል ርቃችሁ በሳፋ እጠቡ።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም በቦታው ነው፤ በሁለተኛው ቀን ግን ይተረማመሳል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዕቃው ቦታ የለውም ማለት ነው፤ ወይም ቦታውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የዕቃዎቹን ዝርዝር ይለጥፉ፤ ያጠበ ሰው ሁሉ ዝርዝሩን አይቶ ይመልሳል። ክብሪቱ ሁልጊዜ ከምድጃው ጋር ይታሸግ እንጂ በማንም ኪስ አይግባ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ምግቡ ሁሉ አውሬ እንዳይደርስበት ተከድኖ መኪና ውስጥ ይግባ፣ የሲሊንደሩም ቫልቭ ይዘጋ።