ክላውስታል ለተመደበች ወጣት መሐንዲስና ለእኩዮቿ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የውሃ ምሕንድስና ምሩቅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ጀርመን አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘሁ። ነገር ግን የደረሰኝ በርሊን ወይም ሙኒክ አይደለም፤ ክላውስታል-ጼለርፌልድ የሚባል ስሙን እንኳን የማላውቀው ቦታ ነው። ፎቶውን አየሁት፤ ጫካና ኩሬ ብቻ ነው። ብተወው ይሻል ይሆን?» አለችኝ። ሂጂ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያንን ጫካና ኩሬ አውቀዋለሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚያ ተማሪ ነበርኩ። ስለ ቪዛ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ወፍራም ካፖርት አልመክራችሁም፤ ያንን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ከተማዋ በሰሜን ጀርመን በሐርዝ ተራሮች አምባ ላይ ናት። ተራራማ ከተማ ሲሉን ደጋ መስሎን ነበር፤ ከፍታዋ ግን 560 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ወንጂ እንኳን ከ1,500 ሜትር በላይ ናት! የሐርዝ ቁንጮ የሆነው ብሮክን ተራራም 1,141 ሜትር ነው። በረዶው ሲጀምር ግን ሳቃችን ቆመ። ከምዕራብ የሚመጣው ደመና መጀመሪያ የሚጋጨው ከእነዚህ ተራሮች ጋር ስለሆነ ዝናቡና በረዶው አያባራም። የከተማዋ ታሪክ ሁሉ የመጣው ከዚህ ውሃና ከምድሯ ሥር ካለው ብርና እርሳስ ነው።

በመካከለኛው ዘመን ተጀምሮ የነበረው ቁፋሮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በታላቁ ወረርሽኝ ጊዜ ቆመ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሳፍንቱ ግብር የሚያስቀር ነፃነት ሰጥተው በምሥራቅ ጀርመን ካሉት የሳክሶኒ ተራሮች ማዕድን ቆፋሪዎችን አስመጡ። የመጡት ሰዎች ዘዬያቸውንም ይዘው መጡ፤ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች አነጋገር ከዙሪያው አገር የሚለየው ለዚህ ነው። ክላውስታልና ጼለርፌልድ በአንድ ትንሽ ጅረት የሚለያዩ፣ ለተለያዩ መሳፍንት ይገብሩ የነበሩ ሁለት ከተሞች ናቸው። የተዋሐዱት በ1924 ነው፤ እኔ በነበርኩበት ዘመንም ሽማግሌዎቹ ገና አልተዋሐዱም ነበር። የሠላሳ ዓመት ጦርነት በሚባለው የአውሮፓ ጦርነት መካከል ሠርተው በ1642 የመረቁት ትልቅ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል። የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ያገኘው ሮበርት ኮኽም በ1843 የተወለደው እዚያው ነው።

ወደ ውሃው ልመለስ። የማዕድን ጉድጓድ እየጠለቀ ሲሄድ ከሥሩ ውሃ ይሞላዋል። ያንን ለማውጣት ፓምፕ ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ፓምፑን ያንቀሳቅስ የነበረው በውሃ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ነው። ታዲያ አምባ አናት ላይ ወንዝ ከየት ይመጣል? ሰዎቹ ዝናቡን በኩሬ አጠራቀሙት፣ ከሩቅ ተዳፋትም በቦይ ጎተቱት። ዳምግራበን የሚባለው ቦይ ከብሮክን በኩል ውሃ ያመጣል። መንገድ ላይ የመሬት ዝቅታ ሲገጥመው ከ1732 እስከ 1734 ባለው ጊዜ 940 ሜትር ርዝመትና 16 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ድልድል በሰው ጉልበት ሠርተው በላዩ አሳለፉት። ስፐርበርሃይ ይባላል። ዛሬም 65 ያህል ኩሬዎችና 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ በጥገና ላይ ናቸው፤ በ2010 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። በተከራየሁበት ቤት አጠገብ አንድ ጡረታ የወጡ የቦይ ጠባቂ ይኖሩ ነበር። አባታቸው የክላውስታል ጉድጓዶች በ1930 እስኪዘጉ ድረስ ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ። አንድ ቀን በረዶው ሲቀልጥ አካፋ ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸውና ተከተልኳቸው። ብዙ አይናገሩም። እየሄዱ ይቆማሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ቦዩ ያዘነብላሉ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ የዘጋውን በአካፋ ይከፍታሉ። ጡረተኛ ናቸው፤ ማንም አልላካቸውም። የቦዩ ዝንባሌ ዓይን የማያየው ስለሆነ ጥቂት ቅጠል ውሃውን ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል አሉኝ። ከአንድ ኩሬ ግድብ ላይ ስንደርስ ውሃው እንዳይሰርግ ውስጡ በምን እንደተደፈነ ጠየቁኝ። ሸክላ አፈር አልኩ። ሳቁ። ከነሥሩና ከነአፈሩ ተቆርጦ እንደ ጡብ የተደረደረ ሣር ነበር! የጥንቶቹ ከግድቡ ፊት ለፊት፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ያሉት ደግሞ ከግድቡ መሐል ሣሩን እየደረደሩ ሠርተዋል። «በመከር ወቅት አንዱ ኩሬ ለጥገና ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ውስጡን አሳይሃለሁ» አሉኝ።

መከር አልደረሰልኝም። ዓመቱ 1974 ነበር። አገር ቤት የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከቤተሰቤ የመጣው ደብዳቤ በነሐሴ ሻንጣዬን አስያዘኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለስብሰባ ስመለስ ሽማግሌው አርፈው ነበር፤ ቤታቸውም ለበጋ እንግዶች ይከራያል።

ቁጭቱ የጠናብኝ አገር ቤት ስሠራ ነው። አንድ ደጋ ወረዳ ላይ የሠራነው አነስተኛ የአፈር ግድብ ከሥሩ ያንጠባጥብ ጀመር። የሸክላ አፈሩ ሩቅ ነው፣ መኪና የለም፣ ሣር ግን በየሜዳው ሞልቷል። በሣር እንሞክር ስል የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳቁብኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የሐርዝ ሣር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ የእኛ በበጋ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል ብዬ እኔም ፈራሁ።

ዛሬ ወጣቶች የሚደውሉልኝ ስለ ከተማ ስም ለመጠየቅ ነው። ትልቅ ስም ያለው ቦታ ካልሆነ ትምህርት የሌለ ይመስላቸዋል፤ ቦታን በፎቶ አይተው ይፈርዳሉ። በእርግጥ እኔም ኪሴ ውስጥ ገንዘብ ሲገኝ ወደ ጎስላር ከተማ ወርጄ በባቡር ወደ ሃኖቨር ነበር የምሮጠው፤ ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

ሃኖቨር ካልኩ አይቀር፣ ታላቁ ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1680ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ ወደ ሐርዝ እየተመላለሰ የማዕድን ጉድጓዶቹን ውሃ በነፋስ ወፍጮ ለማውጣት ለዓመታት ደክሟል። ነፋሱ አልታዘዘለትም፤ ማዕድን ቆፋሪዎቹም አልወደዱትም፤ በ1685 መስፍኑ ሥራውን አስቆመው። ይህ ላይብኒዝ ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር፣ ከጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ይጻጻፍ የነበረው ነው፤ ያንን ሳውቅ ከተማዋ ትንሽ ዘመድ ሆነችብኝ። ለላይብኒዝ ያልቀናው ለዊልሄልም አልበርት ቀና። አልበርት የማዕድን ሹም ነበር። የብረት ሰንሰለት ሳያስጠነቅቅ እየተበጠሰ ቢያስቸግረው በ1834 የብረት ሽቦ ገምዶ ገመድ ሠራ፤ አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍት ስትገቡ የምትንጠለጠሉት በዚያ ገመድ ዘር ላይ ነው።

ጫካውን ግን እንደ እኔ ዘመን አታገኙትም። ለጉድጓድ ድጋፍና ለከሰል የተጨፈጨፈው የጥንቱ ደን በአንድ ዓይነት ጥድ ተተክቶ ነበር፤ ከ2018 ድርቅ ወዲህ ቅርፊት በል ጥንዚዛ ብዙውን አድርቆታል። ውሃ የሚያጠና ሰው ይህንንም ማየት አለበት።

ስለዚህ ልጄ፣ ስትደርሺ ከስፐርበርሃይ ጀምረሽ በእግርሽ ቦዩን ተከተይ። ኩሬ ሲጠግኑ የሚውሉትን ሠራተኞች ፈልጊና ጠይቂልኝ፦ ኩሬው ለወራት ሲደርቅ በግድቡ ውስጥ ያለው ሣር ምን ይሆናል? እንዳይሰነጠቅስ ምን ያደርጋሉ? የሚሉሽን እንዳለ ጻፊልኝ፤ ያ ግድብ አሁንም ያንጠባጥባል።