«መቶ ፐርሰንት ኦርጅናል» ብሎ የጻፈልዎት ሻጭ

ጥያቄ፦ «ቪትዝ መኪና አለችኝ፤ ራይድ እሠራባታለሁ። ቴሌግራም ላይ መለዋወጫ ከሚሸጥ ሰው የፊት ፍሬን ሸራ በ7,200 ብር ገዛሁ። የቶዮታ ኦርጅናል ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ‹መቶ ፐርሰንት ኦርጅናል፣ የጃፓን ነው› ብሎ ጻፈልኝ። በቴሌብር ከፈልኩ፣ በሞተር አደረሱልኝ። ደረሰኝ አልሰጡኝም። በሳምንቱ ፍሬኑ መጮህ ጀመረ። ጋራዥ ሄጄ ሳስፈታው መካኒኩ ‹ይሄ ታይዋን ነው፣ ካርቶኑም ፎርጅድ ነው› አለኝ። ሻጩ ደግሞ ‹የተገጠመ ዕቃ አይመለስም› ይለኛል። በሕግ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ከገዛሁ 11 ቀኔ ነው።»

መልስ፦ ይችላሉ። ግን 11 ቀን የምትለዋን ሳይ ደንግጬ መጀመሪያ በስልክ ነው የመለስኩልዎት። እዚህ የምጽፈው ሌሎች አንባቢዎችም ተመሳሳይ ነገር ስለሚገጥማቸው ነው።

አንድ ነገር እንለይ። ገበያው ላይ «ኮፒ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይደባለቃሉ። አንዱ ሌላ ፋብሪካ በራሱ ስም ሠርቶ ለቪትዝ ይሆናል ብሎ የሚሸጠው ነው። ጥራቱ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ ምን እንደሆነ ተነግሮዎት ከገዙት ግን ጥፋት የለበትም። ሌላው የቶዮታን ስምና ምልክት ያለፈቃድ ለጥፎ የሚመጣው ነው። ፎርጅድ እሱ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሸራው ስለጮኸ ብቻ አይደለም። ጥሩ ሸራም አንዳንዴ ይጮሃል። ክርክሩ ሻጩ ምን ብሎ ሸጠ፣ ምንስ አስረከበ የሚለው ነው። «መቶ ፐርሰንት ኦርጅናል» የምትለዋ መልእክት የውላችሁ አካል ናት።

ታዲያ ያቺ መልእክት አሁንም አለች? ቴሌግራም ላይ ሻጩ የጻፈውን ከራሱም ከእርስዎም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። የተጠቃሚ ስሙንም በአንድ ደቂቃ ይቀይራል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ከመጨቃጨቅዎ በፊት ሙሉውን ቻት፣ የለጠፈውን ማስታወቂያና ስልክ ቁጥሩን ስክሪንሾት ያንሱ። የቴሌብር ማረጋገጫው የተቀባዩን ስምና የግብይት ቁጥሩን ስለሚይዝ እሱንም ያስቀምጡ። «ቻት ማስረጃ ይሆናል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል። ደረሰኝ አለመስጠቱ ደግሞ የነጋዴው ጥፋት ነው፤ መስጠት ግዴታው ነበር።

የመካኒኩ ቃል ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም ከአፍ ወደ ወረቀት ይውረድ። ምን እንዳየ፣ ለምን ፎርጅድ እንዳለው ጽፎ ይፈርም፣ ማኅተም ያድርግበት። የቶዮታ ወኪል ዘንድ ሄደው ዕቃው የቶዮታ አለመሆኑን የሚገልጽ ነገር በጽሑፍ ማግኘት ከቻሉማ ነገሩ በጣም ይቀላል። የወለቀውን ሸራና ካርቶኑን እንዳይጥሉ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እርስዎ አራት ቀን ቀርቶዎታል። እዚህ ላይ ግን አንዲት እሾህ አለች። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ሻጩ ጠበቃ ከያዘ «መኪናዋ የሥራ ናት፣ ይሄ ሰው ሸማች አይደለም» ማለቱ አይቀርም። መከራከር ይቻላል፤ ሸራውን ለመነገድ አልገዙትም። እኔ ግን በአንድ እግር መቆም አልወድም።

ሁለተኛው እግር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በአንቀጽ 2287 ሻጭ ያስረከበው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ነው። ለዚህ ሸማች መሆን አያስፈልግም። የሚፈለግብዎት ዕቃውን በጊዜ መመርመርና ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅ ነው። ካሳወቁ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለብዎት። ስለዚህ ዛሬውኑ በዚያው ቻት አጠር ያለች ማሳወቂያ ይጻፉለት፦ መቼ ምን ብሎ እንደሸጠልዎት፣ ምን እንዳገኙበት፣ 7,200 ብሩ እንዲመለስ መጠየቅዎን። ስድብ አያስፈልግም። «ብሩን ካልሰጠኸኝ ፖሊስ አመጣብሃለሁ» እያሉ መዛትም ይቅር፤ ነገ ችሎት ላይ የሚነበበው የእርስዎም ቻት ነው።

«የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የሱቁ ሕግ ነው። ትክክለኛ ዕቃ ሸጦልዎት ሐሳብዎን ቀይረው ቢሆን ኖሮ ያስኬደው ነበር። ያስረከበው የተባለውን ዕቃ ካልሆነ ግን አያድነውም። ነጋዴ በራሱ ጽሑፍ ለሸማች ካለበት ኃላፊነት ነፃ መውጣት አይችልም። እያወቀ ካታለለ ደግሞ በአንቀጽ 1704 መሠረት ውሉን ማፍረስም ይቻላል።

አሁንም እምቢ ካለ ማስረጃዎን ይዘው ሱቁ ባለበት ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ሱቅ የሌለው የቻናል ነጋዴ ከሆነ ይህ መንገድ ያስቸግራል፤ የሚቀርዎት ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን ያስቀጣል። የሌላ ሰው ምልክት ሆን ብሎ መጠቀም ደግሞ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። እርግጥ ሻጩ «እኔም ኦርጅናል መስሎኝ ነው የገዛሁት» ካለ ወንጀሉን ማስረዳት ይከብዳል። የብሩ ጥያቄ ግን በዚህ አይወድቅም።

ለሚቀጥለው ግዢ፦ ከመክፈልዎ በፊት የዕቃው ቁጥር የሚታይበት ፎቶ ይጠይቁ። ካርቶኑ አጠገብ የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑርበት፤ ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ የያዘ ሻጭ እዚህ ላይ ይጠፋል። የቶዮታ የፊት ፍሬን ሸራ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ04465 ይጀምራል። ቁጥሩን ከሊብሬዎ ላይ ካለው የቻሲ ቁጥር ጋር ወኪሉ ዘንድ ያመሳክሩ። ቁጥሩ መግጠሙ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ፎርጅድ ሠሪም ቁጥር ማተም አያቅተውም። የደበዘዘ ሕትመት፣ የፊደል ግድፈት፣ ከወኪሉ ዋጋ በግማሽ የወረደ ዋጋ ሲደራረቡ ግን ይተዉት። የሚቻል ከሆነ ክፍያው ዕቃውን አይተው፣ ደረሰኝ ተቀብለው ይሁን።

በስልክ «እስከዚያው እየሠራሁበት ነው» ስላሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ፍሬኑ ሳይዝ ቀርቶ ሰው ቢገጩ ተጎጂው የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። ሸራው ፎርጅድ እንደሆነ በጽሑፍ እያስመሰከሩ በእሱ መንዳት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ዛሬ ያስነቅሉት። ሻጩ «አምጣውና ልየው» ካለም የተረከበበትን ፊርማ ሳያገኙ አይስጡት።